የአባባን ሐዲድ ይዘን ድሬዳዋ

ማክሰኞ፣ ለገሃር

አባባ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። በ91 ዓመቱ ነው የተለየን። ሙት ዓመቱን የት እናውጣ ብለን መነጋገር ስንጀምር እማዬ «ድሬዳዋ» አለች። አለቀ። ታላቅ እህቴ የቤቱን ዝክር ልታሰናዳ ቀረች። እማዬ፣ ከቶሮንቶ የመጣው ወንድሜ፣ የ14 ዓመት ልጁና እኔ ለመንገድ ተነሣን።

ባቡሩ ነገ ነው። ዛሬ ግን እማዬ «መጀመሪያ ለገሃርን እንየው» አለችና ሄድን። የድሮው ጣቢያ ሕንፃ አለ። ዙሪያው በግንባታ ተከቧል። አባባ ከሚኤሶ መጥቶ እዚህ የወረደው ገና ልጅ ሆኖ ነው፤ የቆርቆሮ ሳጥኑን ይዞ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊገባ። አባቱ ሚኤሶ ላይ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። «እኔ ከይሁዳ አንበሳ በፊት ነው ለገሃር የደረስኩት» እያለ ይቀልድ ነበር። እውነቱን ነው። አንበሳውን ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት፣ ከነፃነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው የተመለሰው።

በ1950 ከምህንድስና ኮሌጅ ሲመረቅ ጓደኞቹ የተሯሯጡት ወደ አውራ ጎዳና ነበር። አውራ ጎዳና ከ1943 ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካ ባለሙያዎች እገዛ አገሩን በመንገድ እያገናኘ ነው። ተራራ የሚቆረጠው፣ ድልድይ የሚቆመው፣ ስም የሚገኘው እዚያ ነው። አባባ ግን ምድር ባቡር ገባ። ያ ሐዲድ ጅቡቲ ላይ በ1890 ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። አባባ ሲቀጠር ተሠርቶ ካለቀ 40 ዓመት አልፎታል። «ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?» ብለው ሲጠይቁት «እንዳይፈርስ ላደርግ» አላቸው። ይህን የምትነግረን እማዬ ናት። እሱ ስለራሱ እንዲህ አሳምሮ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

የልጅ ልጁ ሕንፃውን በስልኩ ፎቶ አነሣና «አያቴ ነው የሠራው?» አለ። እማዬ «አይ፣ እሱ የሠራው ነገር የለም» አለችና ሳቀች። ልጁ ግራ ገባው።

ረቡዕ፣ ከፉሪ ለቡ ድሬዳዋ

በጨለማ ተነሥተን ፉሪ ለቡ ደረስን። ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ መንገዱ ራሱ ጉዞ ነው። ፍተሻ፣ ሰልፍ፣ መታወቂያ። እማዬ ቆሎና ዳቦ በፌስታል ይዛለች። በ82 ዓመቷ ማንም አይረዳትም፤ ደረጃውን ራሷ ወጣች።

አዲሱ መስመር መስከረም 2009 ተመርቆ፣ መደበኛ ሥራውን የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ነው። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የአባባ ሐዲድ ልክ አንድ ሜትር ነበር። ስለዚህ የድሮዎቹ ሎኮሞቲቮች በአዲሱ ላይ አይሄዱም። ልጁ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ያንን ሁሉ ምን አደረጉት?» አለ። «ነገ ታየዋለህ» አልነው።

አባባ ይህን ባቡር አንዴ ተሳፍሮበታል። ያኔ 84 ዓመቱ ነው። ሁላችንም «የድሮውን እያሰበ ሊያዝን ነው» ብለን ፈርተን ነበር። ሰውዬው መስኮት ያዘና ሰዓቱን አውጥቶ የኪሎ ሜትር ምልክቶችን መቁጠር ጀመረ። ፍጥነቱን እያሰላ ነው። አዳማ ድረስ መስመሩ ድርብ መሆኑን አይቶ «ይህ ጥሩ ነው» አለ። ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ሲሆን ደግሞ «እዚህ መጠባበቅ ይኖራል» አለ። በቃ። ምሬት የለም፣ «የኛ ይሻል ነበር» የለም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። የባቡሩን አስተናጋጅ ጠርቶ «ልጄ፣ ሐዲዱን የሚጠግኑት እነማን ናቸው? ሰው አሠልጥነዋል?» አላት። ልጅቷ ፈገግ ብላ «እጠይቅልዎታለሁ» አለችው።

ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን አለፍን። ከዚያ በኋላ ቆላው መጣ። መተሐራ አካባቢ ፈንታሌ ተራራ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። አጠገቡ በሰቃ ሐይቅ አለ። ይህ ሐይቅ የአባባ የዕድሜ ልክ ባላጋራ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ከመሬት ውስጥ የሚመጣው ውኃና ከእርሻዎቹ የሚወርደው የመስኖ ውኃ እያበጠው ሄደ። ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥም ለእርሻም አይሆን። የድሮውን ሐዲድና አስፋልቱን ሊውጥ ደጋግሞ መጣ፤ እነ አባባም ድንጋይና ጠጠር እየሞሉ መስመሩን ከፍ አደረጉ። ውኃው ይጨምራል፣ እነሱ ይሞላሉ። እቤት ውስጥ የበሰቃን ከፍታ የሚመዘግብበት ለብቻው ደብተር ነበረው። ጡረታ ከወጣ በኋላም በዚያ የሚያልፍ ሰው ካገኘ «ውኃው የት ደረሰ?» ይላል።

ሥራው በሐዲድ ላይ የምትሄድ ትንሽ መኪና ይዞ መስመሩን መፈተሽ ነበር። ሰኞ ይወጣል። አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ፤ ወይም በሌላው በኩል ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ። ቅዳሜ ማታ ግን ቤት ነው። የሚመጣበት ባቡር ከሌለ በጭነት ፉርጎ ይመጣል። ምክንያቱም ቅዳሜ ማታ የኛን ጸጉር የሚያጥበው እሱ ነው። እናታችን አስተማሪ ነበረችና ቅዳሜ ፈተና ታርማለች። ጎረቤቶች ይስቁበት ነበር፤ ኢንጂነር ሆኖ በረንዳ ላይ ገበቴ አስቀምጦ የልጆች ጸጉር ሲያጥብ! እሱ ግን እጁን እስከ ክርኑ አረፋ ነክሮ ስለ ኤረር የሎሚና የብርቱካን እርሻ ያወራናል። አንዴ በዕድገት አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ሲመደብ «የባለቤቴ ትምህርት ቤት እዚህ ነው» ብሎ ቀረ። በዚያ ዘመን ይህን ያለ ወንድ ስንት ነው?

ወንድሜ ቶሮንቶ ከሄደ በኋላ ደግሞ ደብዳቤ ነበር። ሁሉንም ደብዳቤ ቁጥር ይሰጠዋል። ከላይ በቀኝ በኩል «ቁ. 41»፣ «ቁ. 42»። አንዱ ቢጠፋ እንዲታወቅ ነው። ውስጡም እንደ ሪፖርት በተራ ቁጥር ነው፤ አንደኛ ጤና፣ ሁለተኛ የእናትህ ጉልበት፣ ሦስተኛ የጣሪያው ጉዳይ። ናፍቆት የሚባል ነገር በግልጽ አይጽፍም። ወንድሜ ባቡሩ ውስጥ ይህን ሲያነሣ «ቁ. 187 ብቻ ነው ያልደረሰኝ» አለ። እማዬ ቆሎዋን እየቆረጠመች ዝም አለች።

ከሚኤሶ አለፍ ብሎ ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ደጋግሞ ጮኸ። ግመሎች ናቸው። አይቸኩሉም። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ላይ ተንጋጋ። ልጁ ከቶሮንቶ ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ድሬዳዋ ስንደርስ ሙቀቱ በሩ ላይ ተቀበለን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጪ ስለሆነ መኪና ይዘን ከዚራ ገባን።

ሐሙስ፣ ምድር ባቡር ግቢ

የድሮው ጣቢያ ከዚራ እምብርት ላይ ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ መስመሩ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ፤ ሐረርም ቀረባት። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ዛፎቹ ጥላ የሚሰጡ፣ ቤቶቹ በረንዳ ያላቸው ናቸው።

ጥገና ክፍሉን ለማየት ፈቃድ ያስፈልጋል። አስጎብኚ ሰጡን። ውስጡ ሰፊ ነው። የቶርኖ ማሽኖች በረድፍ ቆመዋል፤ መቶ ዓመት የሞላቸው አሉ። ብረት የሚቀለጥበት ክፍል፣ ፉርጎዎች፣ የተቀመጡ ሎኮሞቲቮች። ልጁ ትናንት የጠየቀው መልስ ይኸው። አንዳንዱ ማሽን ዛሬም ይሠራል። ዘይቱ አለ፣ ሽታው አለ።

ግቢው በር ላይ አንድ አዛውንት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግን ይመጣሉ። እማዬን ትክ ብለው አዩና ተነሡ።

«እትዬ! የኢንጂነር ቤት አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«አቦ! እኔ ቶርኖ ቤት የነበርኩት ነኝ። ለልጅቷ ብስክሌት አክስል የቆረጥኩላት።»

እኔ ነኝ ልጅቷ። ብስክሌቱ ትዝ ይለኛል፤ አክስሉን ማን እንደሠራው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። አዛውንቱ አባባ ማረፉን ሰምተዋል። «ነፍስ ይማር» አሉና እንደገና ተቀመጡ። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ማስተማር ጀመሩ።

«አያትህ ምን ይል ነበር መሰለህ፤ ብረት ይተነፍሳል። እኩለ ቀን ላይ ሐዲዱን በእጅህ መንካት አትችልም። አሥራ ሁለት ሜትር ሐዲድ ከጠዋቱ ቅዝቃዜ ወደ ቀኑ ሙቀት ሲሄድ አምስት ሚሊ ተኩል ያህል ይረዝማል። መገጣጠሚያው ላይ ክፍተቱ ከጠበበ የት ይሄዳል? ይጎብጣል። ከሰፋ ደግሞ ጎማው እየመታ ጫፉን ይሰባብረዋል። ስለዚህ ክፍተቱን መጠበቅ ነው ሥራው። በየመቶ ሜትሩ፣ በየቀኑ።»

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። አርባ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ከወሰድን ልክ ናቸው።

ከዚያ ስለ 1969 አወሩ። የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ አፋፍ ደርሶ ነበር። መስመሩ ተቆረጠ፣ ድልድዮች ፈረሱ። አባባ ያኔ እኛን ወደ አያቴ ልኮን እሱ ቀረ። ጦርነቱ ገፋ ሲል ከሠራዊቱ ኋላ ኋላ እየሄዱ ድልድይ ያቆሙ ነበር አሉ አዛውንቱ። «ፈርሶ ያገኘነውን እናቆማለን። ደግሞ ይፈርሳል። ኢንጂነር አንድ ቀን እንኳ አልተራገመም። ብሎን ይቆጥራል።»

ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ ልናገር። እኛ አገር መሠረት ድንጋይ የሚጥልና ሪባን የሚቆርጥ ሰው ይወደሳል፤ በቴሌቪዥንም ይታያል። ብሎን ለሚያጠብቅ ሰው ካሜራ አይመጣም። እኔም ብሆን እስከ ትልቅነቴ አባቴ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ የማሳየው ሕንፃ ስለሌለኝ እናደድ ነበር። የጓደኛዬ አባት የሠራው ድልድይ ነበረው። የኔ አባት የነበረው ባቡሩ በሰላም መድረሱ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው የድሮ መስመር ሥራ ሲያቆም ደግሞ እሱም አልቀረለት። ሰዎች «ልፋትህ መና ቀረ» ሲሉት «ለምን? ሰዉ እኮ ደርሷል» ነበር መልሱ።

አርብ፣ ከዚራ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፤ ጸሎተ ፍትሐት። ካህናቱን አመስግነን፣ ለነዳያን ያዘጋጀነውን አቅርበን ወጣን። እማዬ አላለቀሰችም።

የድሮ ቤታችንን ከውጪ አየነው። ሌላ ሰው ነው የሚኖርበት። ገበቴው የሚቀመጥበት በረንዳ ታጥሯል። ቁርሳችን ፈጢራ በእንቁላልና በማር ነበር፤ ልጁ ሁለት በላ። ወደ ቀፊራ ገበያ ስንሻገር የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ነበር። በ1998 ክረምት ይህ ደረቅ አሸዋ በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ተዘጋ፣ ሰውም ወደየጥላው ገባ። እኛም ተኛን።

ቅዳሜ፣ በመኪና እስከ አዋሽ

መመለሻችንን በመኪና አደረግነው፤ እማዬ ቁልቢ ስለት ነበረባት። በደንገጎ ዳገት ወጥተን ወደ ደጋው ስንገባ ሹራብ ተፈለገ። ቁልቢ ገብርኤል በዓል ባልሆነ ቀን ጸጥ ያለ ነው። እማዬ ጃንጥላዋን አስገባች። የምን ስለት እንደሆነ ስንጠይቃት «የናንተ አይደለም» አለችን። ከዚያ ጨለንቆ፣ ሂርና፣ ጭሮ። የጫት መኪናዎች በጎናችን እንደ ጥይት ያልፋሉ፤ ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ።

ሚኤሶ ላይ ወረድን። የድሮው ጣቢያ ቆሟል። ሐዲዱ ሣር ውስጥ ገብቷል፤ አንዳንድ ቦታ የለም። አግዳሚዎቹ ብረት ናቸው፣ ምስጥ እንዳይበላቸው። ልጁ በአንዱ ብረት ላይ ሚዛኑን እየጠበቀ ሄደ። አያቴ በእግሩ ሲመላለስበት የኖረው መስመር ነው። በመዶሻ መታ እያደረገ ድምፁን ያዳምጥ ነበር፤ የላላው በድምፁ ይታወቃል። አባባም ከእሱ ነው የተማረው፤ ኮሌጅ ይህን አላስተማረውም።

አመሻሽ ላይ አዋሽ ገባን። ጣቢያው አጠገብ ያለው የድሮው ቡፌ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። ቦጋንቪላው ግድግዳውን አልፎ ወጥቷል። እዚያ አደርን።

ወደ ገደሉ የሄድነው ወንድሜና እኔ ብቻ ነን። ጥር 1977 እዚህ አካባቢ መንገደኞች የጫነ ባቡር ከርቩ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጣ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። 428 ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። አባባን ሌሊት ነው የጠሩት። ብዙ ቀን አልተመለሰም። ሲመጣ ልብሱን በረንዳ ላይ አውልቆ ታጠበ፤ ከዚያ ሁልጊዜ ቅዳሜ እንደሚያደርገው «ደብተራችሁን አምጡ» አለን። ያን ማታ የወንድሜን የጂኦሜትሪ ደብተር ይዞ ለረጅም ጊዜ አንድ ገጽ ላይ ቆየ።

ስለዚያ ሳምንት ለኛ አልተናገረም። አንዴ ብቻ፣ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲል፣ በወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳው። ከርቭ ላይ የውጪው ብረት ከውስጠኛው ከፍ ይደረጋል። ባቡሩ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ያ ከፍታ የሚሰላው ለተወሰነ ፍጥነት ነው። ከዚያ ፍጥነት ካለፍክ ብረቱ አይምርም። ሥዕሉን ጨርሶ «ልኩ ትክክል ነበር። ለካሁት» አለ። ወንድሜ ይህን ዛሬ ነው የነገረኝ። ሰዉ ሁሉ ሬሳ ሲያነሣ ከዋለ በኋላ አባቴ ሜትር ይዞ የሐዲዱን ከፍታ ሲለካ ታየኝ። አንዳንዱ ጭካኔ ይለው ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ ሳይለካው ቢመለስ ኖሮ እኛ ቤት መግባት አይችልም ነበር።

እሁድ፣ ቤት

መንገዱ ረጅም አልነበረም። ከአዳማ በኋላ የፍጥነት መንገዱን ያዝንና ከሰዓት በፊት መሿለኪያ ደረስን። እህቴ ዶሮውን አድርሳለች፤ ቤቱ በዘመድና በሰፈር ሰው ሞልቷል። ልጁ ስለ ግመሎቹ በተሰባበረ አማርኛ ያወራል፤ ሁሉም ይሰሙታል።

እንግዳው ሳሳ ሲል እማዬ ጓዳ ገብታ አንድ ክላሰር ይዛ መጣች። አባባ ደብዳቤ ሲጽፍ ከሥር ካርቦን ያደርግ ነበር። ይህን ማናችንም አናውቅም። እሷ ግን ሁሉንም በተራ ይዛዋለች። ገለጥ ገለጥ አድርጋ አንዱን ሳብ አደረገችና ለወንድሜ ሰጠችው። ከላይ በቀኝ በኩል «ቁ. 187» ይላል።

ወንድሜ መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። አንደኛ፣ ጤና። ሁለተኛ፣ እህቱ ስለገዛችው ፍሪጅ። ሦስተኛው ረጅም ነው፤ በስልክ ስለነገርከኝ የቤትህ ቧንቧ ይላል፤ ውኃው በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ፣ ብርዱ ሳይገባ የውጪውን መዝጊያ ዘግተህ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን ውኃ አፍስስ፣ ሥዕሉን ከጀርባ ተመልከት። ገልብጦ አየው። ሥዕሉ አለ፤ ቀስቶች፣ ቁጥሮች፣ «እዚህ ጋ» የሚል ጽሑፍ።

«ያን ክረምት ቧንቧው ፈነዳ እኮ» አለ ወንድሜ።

እማዬ «ፖስታ ቤት ሁለቴ ሄዶ ጠይቋል» አለችና ቡናውን ልታይ ተነሣች።